የተቆረጠው ኩፖን

የአንድ ነገር ዋጋ ከወዴት ይመጣል? ጥያቄው ያረጀ ነው፤ እኛ ግን በአንዲት የከረሜላ ካርድ እንፈትነዋለን።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኮሊንስ-ማካርቲ የተባለ ከረሜላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1911 ዚነት ከተሰኘው ጣፋጩ ጋር የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርድ ማደል ጀመረ። እደላው እስከ 1938 ዘለቀ። ተጫዋቾቹ ከዋናው ሊግ በታች የነበረው የፓሲፊክ ኮስት ሊግ ሰዎች ናቸው፤ የብዙዎቹን ስም ዛሬ የሚያነሳው የለም። ከ1913 ወዲህ በካርዱ ግርጌ ኩፖን ነበረች። ቆርጦ የመለሰ ልጅ ሽልማት ያገኛል። ልጆቹም ቆረጡ። ምን ያድርጉ! የተሰጠቻቸው ሊቆርጧት ነዋ።

ዛሬ ኩፖኗ ያልተቆረጠች ካርድ ከተቆረጠችው እጅግ ትወደዳለች። እንግዲህ እንደታሰበው የተጠቀመባት ልጅ «አበላሸ» ተባለ፤ መሳቢያ ውስጥ የረሳት «ጠበቀ» ተባለ። ብርቅ ያደረጋት ግን ቆራጩ ነው! ሁሉም ሳይቆርጡ ቢቀሩ ኖሮ ያልተቆረጠችውን ማን ዞር ብሎ ያያት ነበር?

ሰብሳቢን ሁሉ «ሥራ የፈታ ሀብታም» ብለን አናልፍም። በ1914 ባልቲሞር ኒውስ የተባለው ጋዜጣ የከተማውን ቡድን ካርዶች አውጥቶ ነበር። ከተጫዋቾቹ አንዱ ገና 19 ዓመቱ የነበረው ቤብ ሩት ነው። የሩት ካርድ ዛሬ የሚታወቀው ከአሥር ገደማ አይበልጥም። አንዱን ያቆየው ጋዜጣ አዟሪ የነበረ ልጅ ነው፤ ከቤተሰቡ እጅ ሳይወጣ ኖሮ፣ ባልቲሞር ባለው የሩት ሙዚየም በውሰት ለዓመታት ታየ። በ2023 በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

እስቲ ነገ ከአንድ አሮጌ ሣጥን ሃምሳ የሩት ካርድ ቢገኝ፣ ገዢው ደስ ይለዋል? ሩትን ወዶ ከሆነ ደስ ይበለው እንጂ። ሆዱን ከቆረጠው ግን የገዛው ካርዱን ሳይሆን የሌሎችን ማጣት ነው። ለፈተና ሰሞን የቤተ መጻሕፍቱን ብቸኛ መጽሐፍ ሌላ መደርደሪያ ላይ የሚሸሽገው ጓዳችንም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ያውም ያለ ሚሊዮን ዶላር።

«የባለቤቱ ምኞት ለካርዱ ምኑ ነው? ካርዱ እንደሆነ ተርፏል» የሚለን አይጠፋም። ለካርዱስ ምንም አይደለም። በሌላው ማጣት የከበረ ሰው ግን ነገ በእጁ ያለውን ለማሳየት ይሰስታል፤ ካዝና ውስጥ የተቆለፈችውን ካርድና ሙዚየም ውስጥ ስንቱ ያያትን እኩል «ተርፈዋል» ማለት ይከብደናል።