«እኔን ለምን ሰረዘችኝ?»

ማእድ ቤቴ ውስጥ፣ የፍሪጁ በር ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ይኖራል። ማታ 3 ሰዓት ግድም፣ ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ፣ የነገ ሥራዬን ተራ ቁጥር እየሰጠሁ እጽፍበታለሁ። ያለቀውን በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ። ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው፤ ያልተዘጋ መዝገብ እንቅልፍ ይነሳኛል። የዚያች ቀይ መስመር ደስታ ስንቴ አሳርፎኛል።

ባለፈው የካቲት እናቴ ለጉልበቷ ሕክምና ከደብረ ብርሃን መጥታ እኔ ዘንድ ሰነበተች። ትንሿ ልጄ ማንበብ የጀመረችበት፣ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ የምታነብበት ሰሞን ነበር። ጣቷን በወረቀቱ ላይ እያስኬደች ለአያቷ አነበበችላት፦ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቅ፣ ጤፍ ማስፈጨት፣ መብራት መክፈል፣ እማዬን መጠየቅ። አራቱም ተሰርዘዋል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስሟ ላይ ያለፈውን ቀይ መስመር ግን አየችው።

«እኔን ለምን ሰረዘችኝ?» አለች።

እናቴ ከአርባ ዓመት በላይ በእድር ኖራለች። እሷ በምታውቀው መዝገብ የሰው ስም የሚሰረዘው ወይ ሲሞት፣ ወይ ከማኅበሩ ሲወጣ ነው። መስመሩ መደወሌን ለማስታወስ እንደሆነ አስረዳኋት። እውነትም ደውዬላት ነበር። አራት ደቂቃ ያህል አወራን፤ እሷ ገና እየመረቀችኝ ሳለ እኔ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር።

«ታዲያ ከጠየቅሽኝ ለምን ታጠፊዋለሽ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ጥያቄዋ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አብሮኝ ይውላል፣ አብሮኝ ያድራል። ሰው በተሰጠው ዕድሜ ውስጥ ሊጨርሰው የሚገባው ምንድን ነው? ፈጽሞ ሊጨርሰው የማይገባውስ?

ሥራን ጽፎ መያዝን አልነቅፍም። የጡረታ መዋጮ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በጊዜው ገቢ ካልሆነ የሚጎዳው ለፍቶ አዳሪው ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ እኔ የዘነጋሁት ደረሰኝ ጣጣው ለሌላ ሰው ይተርፋል። መርሳት ብዙ ጊዜ ሰው መበደል ነው። ስለዚህ የሚያልቅ ሥራ ይጻፍ፣ ይሠራ፣ ይሰረዝም። ኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር ሥራውን በፈጸመ ጊዜ በሰባተኛው ቀን እንዳረፈ ይነግረናል። የሥራ ማለቅ በረከት ነው፤ ሥራ ማለቂያ ባይኖረው ኖሮ ሰንበትን ከየት እናገኘው ነበር?

ነገር ግን ያው መጽሐፍ በዚያ አያበቃም። ሰማይና ምድርን ፈጥሮ የጨረሰው አምላክ፣ በምዕራፍ 3 ከዛፎች መካከል የተሸሸገውን አዳምን ፍለጋ ይመጣል፤ ወዴት እንዳለም ይጠይቀዋል። ፍጥረት አልቆ ነበር፤ መጠየቅ ግን አላለቀም። በአማርኛችን መጠየቅ ጥያቄ ማንሳትም ነው፤ ሰው ቤት ሄዶ ደኅንነቱን ማየትም ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መገናኘታቸው ብዙ አስተምሮኛል። ትናንት «እንዴት አደራችሁ» ብንልም ዛሬ ደግመን የምንለው፣ ሌሊቱ ለሰው ምን ይዞ እንደመጣ ስለማናውቅ ነው። እኔ ያን ቀን ለእናቴ ስደውል መልሷን ለመስማት ጆሮ አልነበረኝም። የጠየቅኋት ወረቀቱ እንዲጸዳልኝ ነው።

ለእንደኔ ዓይነቱ ባለሙያ ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 13 አንድ ከባድ ነገር አለ። ግብር ለሚገባው ግብር፣ ቀረጥ ለሚገባው ቀረጥ እንዲከፈል ያዝዛል። የማንም ዕዳ እንዳይኖርብን ይነግረናል። ወዲያው ግን አንዱን ሂሳብ ለይቶ ክፍት ይተወዋል፤ እርስ በርስ መዋደድን። ታክሱን ዘግቶ ፍቅርን አልዘጋም። እኔ ግን ሁለቱን በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀለም ስዘጋቸው ኖሬአለሁ።

እናቴ ወረቀት የላትም፤ ቀን ግን ባዶ ሆኖ አይመጣባትም። 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 27 መድኃኔ ዓለም፤ እያንዳንዱ ቀን ባለቤት አለው። በ21 የማርያም ጽዋ ማኅበር አላት። የወሩ ደጋሽ ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ደፍታ ማኅበርተኛውን ታስተናግዳለች፤ ሲያበቃም ጽዋውን ለተረኛዋ ታስረክባለች። የእሷ ድግስ አለቀ፤ ጽዋው ግን መንገድ ላይ ነው። የተቀያየሙ ካሉ እዚያ ይታረቃሉ፤ የቀረች ካለችም ምን አግኝቷት እንደሆነ ይጠየቃል። በሚቀጥለው ወር 21 ተመልሶ ይመጣል። ማርያምን አክብረን ጨረስን ብሎ ቀኑን የሚሰርዝ የለም።

ይህን ያጫወትኳት የሥራ ባልደረባዬ፣ እሷም የሦስት ልጆች እናት ናት፣ «የማያልቅ ነገር ሸክም አይሆንም ወይ?» አለችኝ። ድካሟን አውቃለሁና ጥያቄዋን አላቃለልኩትም። እኔ የተረዳሁት ግን ተቃራኒውን ነው። ያደከመኝ፣ ፍጻሜ የሌለውን ነገር ዛሬውኑ ልፈጽም ማለቴ ነው። ልጄን አሳድጌ፣ ጸሎቴን አድርሼ፣ እናቴን ጠይቄ በቃኝ የምልበት ማታ የለም። እንደማይኖር ካወቅሁ ደግሞ ዛሬ የምችለውን ሰጥቼ ያለ ጸጸት እተኛለሁ፤ ነገ ከዚያው እቀጥላለሁ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በፍርድ ቀን ከሚነሱት ነገሮች አንዱ የታመመን መጠየቅ ነው። ስንት ጊዜ ተብሎ ግን አልተቆጠረም።

አሁን ፍሪጁ ላይ ሁለት ወረቀቶች አሉ። በግራ ያለው እንደ ድሮው ነው፤ በቀይ ይሰረዛል፣ ሲሞላም ተቀዶ ይጣላል። በቀኙ ላይ ስሞች ብቻ ናቸው፤ እናቴ፣ ልጆቼ፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ፣ ከውጭ አገር የማትመለስ የልጅነት ጓደኛዬ። ከስማቸው አጠገብ ቀን አልጻፍኩም፤ እስክሪብቶም አይነካቸውም። ማታ 3 ሰዓት ላይ የግራውን ጽፌ ስጨርስ የቀኙን አነብበዋለሁ፤ የማንን ድምፅ ለብዙ ቀን እንዳልሰማሁ በዚያ አውቃለሁ።

እናቴ ወደ ደብረ ብርሃን ከመመለሷ በፊት ልጄ የቀኙንም ወረቀት አነበበችላት። ስሟን ስትሰማ ተነስታ ቀረበችና ወረቀቱን በመዳፏ ዳበሰችው። መስመር የለበትም።