ጭነቱና ገጣባው

ዲንሾ ላይ ፈረስ እያከራዩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ሮቤ የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ «ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ሊበዛ ነው፤ ድረ ገጽ ያስፈልገናል» ብሎ ተነሣ። በዎርድፕሬስ ሠራው። ሲጀመር የፈረስ ጉዞ መንገዶች፣ ጥቂት ፎቶዎችና አንድ የማስያዣ ፎርም ብቻ ነበሩት።

ከዚያ መካሪ በዛ። ጎባ ያሉት ባለሆቴል የአየር ጠባይ ማሳያ ይግባበት አሉ። አንዱ አስጎብኚ ተንሸራታች ፎቶ፣ ሌላው ካርታ፣ ሌላው የመልእክት መለዋወጫ ሳጥን ጠየቀ። ልጁ ሰው ማስቀየም አይሆንለትም፤ ለየጥያቄው ፕለጊን፣ ማለትም በድረ ገጹ ላይ አንድ ተግባር የሚጨምር ቅጥያ፣ እየፈለገ ጫነ። አብዛኞቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው፣ ለመጫንም ደቂቃ አይፈጁም። ክፉው ነገር ይኸው ነው፤ ሲጨመር ማንም አይሰማውም። 34 ደረሱ።

ገጹ በስልክ ሲከፈት ነጭ ሆኖ ይቆይ ጀመር። መንቀርፈፉስ ይሁን፤ ኅዳር ገብቶ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ የሳነቲ መንገድ ደርቆ አንድም ማስያዣ አልመጣም። ለካ አንዱ ፕለጊን አፕዴት ሲደረግ ከሌላው ጋር ተጋጭቶ «ላክ» የሚለው ቁልፍ መሥራት አቁሟል። እንግዳው ይጫነዋል፤ ምንም የለም፤ ሌላ ዘንድ ይሄዳል። ዲንሾ ላይ ፈረሶቹ እንደታሰሩ ይውላሉ።

ልጁ በቁጥሩ ላይ ዘመተ። ትንንሽ የመሰሉትን 10 አጠፋ። ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ዲንሾ ወርዶ «አባባ፣ ይህን ያህል አራግፌም ለውጥ የለውም» አላቸው።

ሽማግሌው ከአንድ ፈረስ ላይ ኮርቻ እያወረዱ ነበር። እጃቸውን ከግላሱ ሥር አስገብተው ጀርባውን ዳበሱ። «ልጄ፣ ይህ ፈረስ ሁለት ስልቻ ጭኖ ሳነቲን ይወጣል፤ ምንም አይለው። ባለፈው ገጣባ ያወጣበት ከግላሱ ሥር የገባች ጠጠር ናት። ስንት ጫንኩ ብለህ አትቁጠር። አንድ በአንድ እያወረድህ ጀርባውን እይ። ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ ደግሞ ከነጭራሹ አትጫን።»

ልጁ ሮቤ ተመልሶ የድረ ገጹን ቅጂ ሠራ። በቅጂው ላይ ፕለጊኖቹን ሁሉ አጥፍቶ፣ አንድ በአንድ እያበራ ጊዜውን ለካ። አንድ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ሰርቨሩ የበሩትን ፕለጊኖች ሁሉ ይጭናል። ሥራቸው ቀላል የሆኑት ዓይን እስኪጨፈን ያልፋሉ። ዳታቤዙን ደጋግሞ የሚጠይቀው፣ ወይም ከሌላ አገር ሰርቨር መልስ የሚጠብቀው ግን ሁሉንም ያስጠብቃል። የአየር ጠባይ ማሳያው እንዲህ ነበር። ተንሸራታቹ ፎቶ ደግሞ ፎቶ በሌለበት ገጽ ላይ እንኳ ኮዱን ሁሉ ለእንግዳው ስልክ ይልካል። ገጹን ያፈጥናሉ ተብለው የገቡ ሁለት የካሽ ፕለጊኖችም አንዱ የሌላውን ሥራ ሲያፈርስ ተገኙ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሰጋኝ ግን የፎርሙ ፕለጊን ነው። ፈጣን ነበር፤ ሆኖም ሠሪው ከተወው ዓመታት አልፈዋል። ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም፤ የእንግዶቹ ስምና ስልክ ደግሞ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ሰው በማያውቀው እጅ ላይ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል በመጋቢት 2008 ዓለም አይቶታል፤ ሌፍት ፓድ የተባለች የ11 መስመር ኮድ ሠሪዋ ከጋራ የኮድ ማከማቻ ሲያነሣት፣ እሷን ተማምነው የተሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሶፍትዌሮች መገንባት አቃታቸው።

ልጁ የአየር ጠባዩን፣ ተንሸራታቹንና አንዱን ካሽ አጠፋ፤ ማጥፋት ብቻም ሳይሆን ከሰርቨሩ ሰረዛቸው፤ ጠፍቶ የተቀመጠ ኮድም ለሰርጎ ገብ በር ሊሆን ይችላል። ፎርሙን ሠሪው በሚከታተለው ተካው። 24 የቀሩት 21 ሆኑ፤ ገጹ ግን በስልክ ቶሎ ይከፈት፣ «ላክ» የሚለውም ይልክ ጀመር።

ባለሆቴሉ ከጎባ ደውለው «የአየር ጠባዩ የት ገባ?» አሉ ቅር ብሏቸው።

«ጋሼ፣ እንግዳው ከእሱ ምን እንዲያውቅ ነበር የፈለጉት?»

«ሌሊት እንደሚበርድ ነዋ!»

ልጁ እዚያው በስልክ እያነበበላቸው ከመንገዶቹ ዝርዝር ሥር ጻፈ፦ «ሳነቲ ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ወፍራም ልብስ ይያዙ።»

«ጓንትም በልበት» አሉ።