ደረስን እኮ

የሰው ውሳኔ ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው የምንለው በምን ለክተን ነው? በውጤቱ ነውን? ነገሩ ከፍልስፍና ክፍል የመጣ ቢመስልም፣ እኛን የያዘን ከአዲስ ዘመን ወደ እብናት ስንጓዝ ነው።

መሽቶ ነበር። የሚኒባሱ ዲናሞ መሙላት አቁሞ የፊት መብራቱ እየደከመ፣ እየቀላ ሄደ። ረዳቱ የእጅ ባትሪ በመስኮት አውጥቶ መንገዱን ያሳይ ጀመር። አንዲት እማሆይ «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ይታይሃል?» ቢሉት፣ ሹፌሩ «ደረስን እኮ እማሆይ!» አላቸው። እኛ ተማሪዎቹ ሳቅን። ደረስንም። ስንወርድ «ጎበዝ ሹፌር ነህ» ተባባልንለት።

ቆይተን ስለ አንድ የአውሮፕላን አደጋ አነበብን። መስከረም 30 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ፣ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ የኤር ኢሊኖይ ኩባንያ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን 10 ሰዎች ይዞ ከስፕሪንግፊልድ ወደ ካርቦንዴል ተነሣ። ገና ብዙ ሳይርቅ የግራው ጄኔሬተር ተበላሸ። አብራሪዎቹ ደግሞ ተሳስተው ደኅናውን፣ የቀኙን፣ ከመሥመር አወጡት። የቀረው ባትሪ ብቻ ሆነ። የተነሡበት ማረፊያ ቅርብ ነው፤ ካርቦንዴል ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀረዋል። ዋናው አብራሪ ወደ ፊት ቀጠለ። ረዳቱ የባትሪው ቮልት እየወረደ መሆኑን ነግሮታል። ከተነሡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፒንክኒቪል አጠገብ ተከሰከሱ፤ የተረፈ የለም። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት በዋናው አብራሪ ውሳኔ ላይ አኖሩት።

ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሞተርም የሚጠፋ ይመስለን ነበር። ለካ እንዲያ አይደለም። በትንንሾቹ የግል አውሮፕላኖች እንኳ፣ በብዙዎቹ፣ ብልጭታውን የሚሰጠው ሞተሩ ራሱ የሚያዞረው ማግኔቶ ነውና ባትሪ ቢሞትም ሞተሩ ይሠራል። የሚጠፋው ሬዲዮው፣ መብራቱ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መሣሪያ ሁሉ ነው። ጉልበት አለ፣ ዓይን የለም። በቀን፣ በጠራ ሰማይ፣ ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም። በሌሊት ደመና ውስጥ ግን ሰው ላይና ታቹን አይለይም።

ታዲያ በውጤት ከተመዘነ የኛ ሹፌር ጎበዝ፣ ያ አብራሪ ጥፋተኛ ነው። ያደረጉት ግን አንድ ነገር ነው!

ወደ አገራችን እንመለስ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሲነሣ ርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ባሕር ዳር ዞሩ። ሲመለሱ ሞተሮቹ ጠፉ፤ አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ ወርዶ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እኛ መመለሳቸው ትክክል ነበር እንላለን። «ይህ ለሟች እናት ምን ይፈይዳል?» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፣ ምንም አይፈይድላትም። ሬሳ ብቻ ከቆጠርን ግን 35 ከ10 ይበልጣልና የተመለሰው ካልተመለሰው ይብስ ጥፋተኛ ሊሆን ነው። ይህን ማን ይቀበላል?

በኢሊኖይ የጠፋው ጥፋት የተፈጸመው ምድር ላይ ሲወድቁ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ባትሪው ገና ሳለ ነው። በባትሪው ውስጥ የቀሩት ደቂቃዎች የአንድ ሰው አልነበሩም፤ የ10 ሰዎች ነበሩ። አንዱ ስለ ሁሉም ቆርሶ «እደርሳለሁ» በሚል ተስፋ ላይ ዋለው። የኛም ሹፌር የኛን እንዲሁ ቆርሷል፤ ስለ ተረፍን አልታወቀንም እንጂ።

በእርሱ ብቻ ግን አንፍረድ። የአውሮፕላኑ መንገደኞች ፊት ቮልት የሚያሳይ ሰሌዳ አልነበረም። እኛ መብራቱ ሲቀላ በዓይናችን አይተናል። «አቁም፣ እዚሁ እንደር» ለማለት ምን ያዘን? ይሉኝታ፣ ፈሪ መባል፣ ደግሞም ቤት ለመድረስ መቸኮል። ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ የተናገሩት እማሆይ ብቻ ናቸው። እብናት ስንደርስም ሹፌሩን ሳያመሰግኑ መቋሚያቸውን ይዘው ዝም ብለው ወረዱ። በዚያም ሳቅን።