ትዝታና ሸቀጥ

ሰው የልጅነት ደስታውን በዋጋ ለሸጠለት ድርጅት ሊናፍቅ ይገባዋልን?

እ.ኤ.አ. በ1977 ከአታሪ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኖላን ቡሽኔል በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆዜ ከተማ ቻክ ኢ. ቺዝ የተሰኘውን የቤተሰብ መዝናኛ ምግብ ቤት ከፈተ። ፒዛው እስኪደርስ ድረስ ልጆች በኤሌክትሮኒክ መጫወቻዎች ይጫወቱ ነበር፤ በመኪና ኃይል የሚንቀሳቀሱ የእንስሳት አሻንጉሊቶችም ከመድረክ ይዘፍኑላቸው ነበር። መጫወቻው የሚሠራው በገንዘብ በሚገዛ ሳንቲም መሰል ብረት ነበርና ጥበቃው ራሱ የገቢ ምንጭ ሆነ። ኩባንያው በ1984 ከሰረ፤ በተፎካካሪውም ተገዛ። በ2024 አሻንጉሊቶቹን ከአብዛኞቹ ቅርንጫፎቹ እንደሚያነሣ ባስታወቀ ጊዜ፣ በልጅነታቸው ያዩአቸው ጎልማሶች አዘኑ።

በዚህ ኀዘን መሳለቅ ቀላል ነው። «ናፋቂው የሸቀጥ ምርኮኛ ነው» የሚለው ፍርድ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ሕፃኑ የገበያውን ስሌት አላየም፤ ያየው ከሥራ ውለው የደከሙት እናትና አባቱ ለአንድ ምሽት ከጎኑ መቀመጣቸውን ነው። ኩባንያው መድረኩን አከራየ እንጂ ፍቅሩን አልሠራም።

ይሁን እንጂ ቤተሰብ አብሮ የሚቀመጥበትን ሰዓትና ሥፍራ ከነጋዴ መግዛቱ ሊያሳስበን ይገባል። መግዛት ያልቻለው ወላጅ ልጅስ ምን ያስታውስ ይሆን?

ስለሆነም ትዝታ በተቀሰቀሰብን ቁጥር የሸጠልንን ከሰጠን እንለይ። የሻጩ ሒሳብ በዚያው ምሽት ተዘግቷል። የወላጆቻችን ውለታ ግን ዛሬ ከልጆቻችን ጎን፣ ያለ ዋጋ፣ ስንቀመጥ ብቻ የሚከፈል ዕዳ ነው።