ሰው እየተቸገረ ለአሞራ መድከም ይገባልን?



ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንጓዝ፣ ከብት በሚታረድበት ስፍራ አጠገብ ባሉ ረጃጅም ዛፎች ላይ ጥንብ አንሣዎች ተኮልኩለው እናያለን። ሕፃናት በድንጋይ ያባርሯቸዋል፤ ዐዋቂዎችም ስማቸውን ለስድብ ካልሆነ በቀር አያነሡትም። ስለ ፍጥረት ጥበቃ ባስተማርንበት አንድ ጉባኤ ላይ፣ ወጣቶች እነዚህን ወፎች በበጎ ፈቃድ ቢጠብቁ መልካም መሆኑን በተናገርን ጊዜ፣ አንድ አረጋዊ ገበሬ ተነሥተው፣ «አባ፣ ሰው እየተቸገረ ለአሞራ ይደከማል?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነት ብዙ ሐዘን ባየ አገር፣ ለማዳበሪያ የሚከፍለው ያጣ ገበሬ ይህን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ጥያቄውን ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2418 ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ያስተምራል። አንደኛው፣ እንስሳትን ያለ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል ለሰው ክብር የማይገባ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ በቅድሚያ ለሰው ችግር መዋል ያለበትን ገንዘብ ለእንስሳት ማዋል የማይገባ መሆኑን ነው። እንግዲህ መመርመር ያለብን፣ ለእነዚህ ወፎች የምናደርገው ጥበቃ ከድኻው የሚነጠቅ ነውን ወይስ ለድኻው የሚሰጥ? የሚለውን ነው።

ለዚህ መልስ የሚሆነን በሕንድ አገር የደረሰው ነገር ነው። በዚያ አገር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥንብ አንሣዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ግን ከአንዱ ዝርያ፣ ከ1000 ወፎች 999 ያህሉ አለቁ። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ለከብቶች የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ ሕመም ማስታገሻ ነበር። መድኃኒቱን ወስዶ ብዙም ሳይቆይ የሞተውን ከብት ሥጋ የበሉት ወፎች ኩላሊታቸው ሥራውን አቁሞ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል ከለከሉ። ነገር ግን ጥንቡ ሳይነሣ በቀረበት ስፍራ ውሾች በዝተው፣ ውኃውም ተበክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ጥናት፣ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ በወፎቹ መጥፋት ምክንያት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰዎች እንደ ሞቱ ይገምታል። ውሻ የሚነክሰውና የተበከለ ውኃ የሚጠጣው ደግሞ አስቀድሞ ድኻው ነው።

በእኛም አህጉር አደጋው ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2015 አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሣ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ ገብተዋል። ከአራቱም አንዷ፣ በከተሞቻችን የምናያት ትንሿና ፊቷ መላጣ የሆነችው ናት። ይህች ወፍ በአንድ ወቅት አንድ እንቁላል ብቻ ስለምትጥል፣ በአንድ ቀን መርዝ የሞተውን ለመተካት ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

የጎጃም ገበሬ ወንፈልን ያውቃል። ዛሬ የጎረቤቱን ማሳ ያረመ ሰው፣ ነገ ጎረቤቱ የእርሱን ያርምለታል፤ ወንፈል በልቶ አለመመለስም ነውር ነው። ጥንብ አንሣ በየመንደራችን የሞተውን አህያና በሬ ያለ ዋጋ ሲያነሣልን ኖሯል። እኛ ሳንጠራው ሠርቶልናልና ያልመለስነው የወንፈል ዕዳ አለብን ብንል ስሕተት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ነገሩን በጥቅም ብቻ ብንመዝነው ሌላ ስሕተት ላይ እንወድቃለን። የማይጠቅመንን ፍጥረት ሁሉ ልናጠፋ ይፈቀድልናልን? ኦሪት ጥንብ አንሣን እንዳይበሉ ከከለከለቻቸው ወፎች ጋር ትቆጥረዋለች፤ እንዲያጠፉት ግን አላዘዘችም። ይልቁንም በዘዳግም ምዕራፍ 22 በመንገድ ላይ ጎጆ ያገኘ ሰው፣ እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ትከለክላለች። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 39 እግዚአብሔር፣ ሬሳ ባለበት የሚገኘውን ወፍ ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ለኢዮብ ያሳየዋል። ፈጣሪ ያላፈረበትን ፍጥረት እኛ በድንጋይ ልናባርረው አይገባም።

ለዚህ ወፍ በበጎ ፈቃድ የሚደክም ወጣት ምስጋና አይጠብቅም። ወፉ አያውቀውም፤ መንደሩም ምናልባት ይስቅበታል። በዚህ የለመደ ልብ፣ ማመስገን ለማይችለው የአልጋ ቁራኛና አእምሮው ለታወከው ወንድም መድከም አይከብደውም። ወፎችን እየቆጠረ የታመመ ጎረቤቱን አልፎ የሚሄድ ከሆነ ግን ትምህርቱን አልተረዳም። ስለዚህ ለዚህ አገልግሎት ከምጽዋቱ ሣጥን አንድ ሳንቲም አንጠይቅም፤ የምንጠይቀው ትርፍ ሰዓትና ጥንቃቄ ነው።

ምን እናድርግ? ለጅብ ወይም ለባዘነ ውሻ ተብሎ በጥንብ ላይ መርዝ እንዳይነሰነስ ጎረቤቶቻችንን እንምከር። ከብታችን ሲታመም፣ ከዳይክሎፌናክ ይልቅ ለጥንብ አንሣ የማይጎዳው ሜሎክሲካም ይገኝ እንደሆነ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን እንጠይቅ። ጎጆ ያለበትን ረጅም ዛፍ፣ ጫጩቷ እስክትበር ድረስ አንቁረጥ። ሕፃናትም በወር አንድ ቀን በእርድ ቦታ ያዩትን ቆጥረው በደብተር ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ የቆየ ልምድ አለውና ምክሩን መጠየቅ ይቻላል። የመስከረም መባቻ ሲቃረብ፣ በፈረንጆች መስከረም የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ የጥንብ አንሣ ቀን በዓለም ዙሪያ ይታሰባል፤ ቆጠራውን በዚያ ቀን ብንጀምር መልካም ነው።

አረጋዊው አባታችን መልሳችንን ካዳመጡ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፣ አምና የሞተችባቸውን አህያ ከደጃቸው ያነሡላቸው አሞራዎች እንደ ነበሩ ነገሩን። ቀጥለውም የልጅ ልጃቸውን ለቆጠራው እንደሚልኩት ቃል ገቡልን። እናንተስ፣ ውድ ምእመናን፣ ማንን ትልካላችሁ?