ስሙ ያልተነገረ ከረጢት

አንዲት ምግብ ቤት ያላት ሴት እህሏን ሰፈሯ ወዳለው ወፍጮ ቤት ትልክ ነበር። ባለወፍጮው ፈጭቶ ሲጨርስ ከረጢቱ ላይ ይጽፋል፤ ጤፉ ላይ «ጤፍ»፣ በርበሬው ላይ «በርበሬ»። አተርና ሽንብራ ከነቅመሙ አንድ ላይ ሲመጣለት ግን ምን ብሎ ይጻፍ? የነገረው የለም። «ድብልቅ» አለው። ወጥ ሠሪዋም ለመደችው፤ ሽሮ ሲታዘዝ «ድብልቅ» ካለው ከረጢት ትዘግናለች።

አንድ ዓርብ የወፍጮው ሞተር ተቃጠለና እህሉ ሌላ ሰፈር ተፈጨ። ያኛው ባለወፍጮ ቃል አይቆጥብም፤ «አተር ከሽንብራ ከነጭ ሽንኩርት ከኮረሪማ» ብሎ ከረጢቱን ሞላው። ወጥ ሠሪዋ «ድብልቅ» የሚል ብትፈልግ አጣች። በጾም ቀን እንግዳው ሁሉ «ሽሮ አልቋል» ተባለ፣ ሽሮው እግሯ ሥር ተቀምጦ።

ሞተሩ ተጠገነ። ሴትዮዋ በዚያው ሳምንት ሽሮዋንና ለልጆቿ ገንፎ የሚሆን የእህል ቅልቅል አብራ ላከች፤ ሁለቱም «ድብልቅ» ተብለው መጡ። የዚያን ቀን ምን ዓይነት ወጥ እንደቀረበ የበላው ይንገራችሁ። ልትጣላ ብትሄድ ባለወፍጮው «እትዬ፣ እህሉ የእርስዎ ነው፤ ሲልኩ ስሙንም ቢነግሩኝ እጽፈው ነበር» አላት።

በኤስኪውኤል ዳታቤዝ የሚጠይቅ ሰውም እንዲሁ ነው። ዓምዱን እንዳለ ሲጠራ ስሙን ይዞለት ይመጣል፤ ስሌት ሲጨምርበት ግን ስያሜው በዳታቤዙ ጠባይ ላይ ይወድቃል። «ካውንት(*)» ሲባል ፖስትግሬስ ዓምዱን «ካውንት» ብቻ ይለዋል፤ ማይኤስኪውኤል ከነቅንፉ «ካውንት(*)» ብሎ ይመልሰዋል፤ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ያለ ስም ይተወዋል። 1+1 ሲባልማ ፖስትግሬስ «?ኮለም?» ብሎ ግራ መጋባቱን ራሱ ይጽፋል። የኤስኪውላይት ሰነድ ደግሞ «አስ» ብላችሁ ካልሰየማችሁ ስሙ ከሥሪት ሥሪት ሊለወጥ ይችላል ይላል፤ ሐቀኝነቱን እወድለታለሁ። «አስ ብዛት» ብሎ በፊደላችን መሰየምም ይቻላል፤ ፖስትግሬስም ማይኤስኪውኤልም ይቀበሉታል።

ክፉው ሁለት ድምር ባንድ ጥያቄ ሲገባ ነው። ፖስትግሬስ ሁለቱንም «ሰም» ይላቸዋል። ውጤቱን በዓምድ ስም እየለየ ወደ ዲክሽነሪ የሚያስገባ የፓይተን ፕሮግራም ኋለኛውን በፊተኛው ላይ ይጽፍበታል፣ አንዳች ስህተት ሳያሳይ። ያንኑ ጥያቄ ስም ሰጥቼ ላስቀምጠው፣ ቪው ላድርገው ብትሉ ግን ፖስትግሬስ «ሰም» ሁለቴ ተጠቅሷል ብሎ እምቢ ይላል፤ ገና ሪፖርቱ አለቃ ጠረጴዛ ላይ ሳይደርስ።