አይቶ አለማየት

ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1988) በሃዋይ ደሴቶች ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ይበር የነበረ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን፣ በ24 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ የጣራው ሰፊ ክፍል በድንገት ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷን አጣች፤ የቀሩት 94 ሰዎች ግን አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን በማዊ ደሴት ስላሳረፉት ተረፉ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ዘገባ፣ የአየር መንገዱ የጥገና አሠራር የአካሉን መላቀቅና መሰንጠቅ ሳይደርስበት መቅረቱን ዋና ምክንያት አድርጎ አቀረበ። ዘገባው ስለ ተቆጣጣሪዎቹም ያትታል። በመወጣጫ ላይ ቆሞ፣ መብራት ይዞ፣ የሪቬቶችን ዙሪያ አንድ በአንድ መመርመር እጅግ አሰልቺ ሥራ ነው። ብዙ መርምሮ ምንም ያላገኘ ሰው ደግሞ ወደ ፊትም እንደማያገኝ መጠበቅ ይጀምራል። ዓይኑ ያያል፤ ልቡ ግን አስቀድሞ «ደኅና ነው» ብሏል።

እንግዲህ ይህ ሰው በደለኛ ነውን? የሥነ ምግባር መምህራን ሊወገድ የሚችለውን አለማወቅ ከማይቻለው ይለያሉ። የደከመ ዓይን ያላየውን ስንጥቅ እንደ ክፋት ልንቈጥረው አይገባም። ነገር ግን ሰው እንደሚደክምና እንደሚሰለች ሁላችንም እናውቃለን። ይህን እያወቀ ዕረፍት የማይሰጥ አለቃ፣ ድካሙንም እያወቀ ሳያጣራ የሚፈርም ሠራተኛ «አላወቅሁም» ሊሉ አይችሉም። ኃላፊነታችን ከምናየው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ለማየት ራሳችንንና ሌሎችን ካዘጋጀንበት መንገድ ይጀምራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው። አንዲት መንገደኛ ወደ አውሮፕላኑ ስትገባ ስንጥቁን አይታ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። አንፍረድባት፤ እኛም በእርሷ ቦታ ብንሆን «ባለሙያዎቹ ያውቁታል» ብለን ዝም ባልን ነበር። እንዲመለከቱ የተሾሙት አላዩም፤ ያየችው ደግሞ መናገር የእርሷ ድርሻ መሆኑን አላሰበችም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ የአውሮፕላን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር «ገባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ልጆቹም እንደ ወትሮው «አዎን» ሲሉት፣ ያልገባውን አንዱን ልጅ ያየዋልን? በየሳምንቱ ሰላም የምንለው ጎረቤት ፊቱ የተለወጠ ዕለት እናስተውላለንን? ብናስተውልስ «የሚመለከተው ይጠይቀው» ብለን እናልፋለን ወይስ ጠጋ ብለን እንጠይቀዋለን? መጠየቃችን ከንቱ ሆኖ ቢገኝ የምናጣው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ዝምታችን ግን የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።